ጋሽ ደምሰውና የሌለው ጎተራ

«ያ ማሽን ያቃጠለው ሰውዬ ሞተ እኮ» አለችኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ሽንኩርት የምትሸጠው የቡሬዋ ሴትዮ ናት ያለችኝ። ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር፤ ቀና ብዬም አላየኋት። «የቱ?» አልኳት፣ የቱ እንደሆነ እያወቅኩ።

«ያ ሬዲዮ ሠሪው። ጋሽ ደምሰው። ከተቀበረ ሁለት ወር አለፈው።»

ሁለት ወር። ከመቱ ቡሬ ምን ያህል ነው? መኪናው በየቀኑ ይሄዳል፣ ይመጣል። እኔ ግን ለቅሶው ላይ አልተቀመጥኩም፤ የነገረኝም የለም። ሽንኩርቱን እዛው ትቼው መጣሁ። እቤት ገብቼ ላልቅስ ብል እንባውም አልመጣ አለኝ። ደከመኝ። የድሮ ነገር ሲነሳ አሁን አሁን የሚሰማኝ ድካም ብቻ ነው።

አላቃጠለም። ሰላም፣ መጀመሪያ ይሄን ጻፊ። ጋሽ ደምሰው ምንም ነገር አላቃጠለም። ሌላውን ቀስ እያልኩ እነግርሻለሁ፣ ትንፋሼ እንደፈቀደ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ሰላም ናት፣ የልጄ ልጅ። አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፣ ለእረፍት መጥታ ነው። ሥራሽ ምንድነው ስላት አዲስ ዓይነት ኮምፒዩተር ሲሠራ ስለ አካሉ ዝርዝር እጽፍለታለሁ አለችኝ። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከርነል የሚባል አለ፣ እንደ ልብ ነው፣ ሌላውን ሁሉ የሚያዝዘው እሱ ነው። ግን ሲነቃ ምን ምን እንዳለው አያውቅም፤ ማስታወሻው፣ ነገር የሚይዝበት ማለት ነው፣ ይሄን ያህል ነው፣ እንትን በዚህ ቁጥር አለ፣ እንትን በዚያ ቁጥር አለ ብሎ የሚጽፍለት ሰው ያስፈልጋል አለች። «እሱንማ ሥራ አውቀዋለሁ» ስላት ሳቀች። ሳቂ። ጋሽ ደምሰው መቱ ላይ፣ በደርግ ጊዜ፣ በእርሳስ ነው የሠራው።

የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዪው። የሰፋሪ ነገር የሚሠራበት ነበር በይ። ከወሎ ሰው በመኪና እየተጫነ መጥቶ ጫካ ውስጥ የሚራገፍበት ዘመን ነው። እኔ እዛ ጽዳትም ነኝ፣ ተላላኪም ነኝ፣ ሻይም አፈላለሁ። ባለቤቴ ዋቅጅራ ንብረት ክፍል ነበረ፤ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ከወገቡ አይወርድም። እሱ የቡሬ ልጅ፣ እኔ የጎሬ፤ መቱ ላይ ተገናኘን።

ግንቦት ላይ አራት ሣጥን መጣ። ዝናብ ነው፣ መኪናው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሾፌሩ «ፈርምልኝና ልሂድ፣ መንገዱ ሳይዘጋብኝ ጋምቤላ መግባት አለብኝ» ይላል። አለቃችን በረንዳ ላይ ቆሞ «ጓድ ዋቅጅራ! ታሽጓል፣ ባለሙያ ሳይመጣ እንዳይከፈት። ቁጠርና ፈርም!» አለ። ዋቅጅራ ቆጠረ፣ አራት ነው፤ ፈረመ። የዛን ጊዜ ርክክብ እንደዚህ ነበር። ሣጥን ይቆጠራል እንጂ የሣጥን ሆድ አይታይም። ከፈረምክ በኋላ ግን ሆዱም ያንተ ነው። በመንገድ ማን እጁን እንዳስገባ የሚጠይቅ የለም፤ የመጨረሻው ፈራሚ ነው የሚያዘው። ከዋቅጅራ በፊት የነበረው ንብረት ያዥ አንድ የጽሕፈት መኪና ጠፍቶበት አሻጥረኛ ተብሎ ታሰረ። ሲወጣ ብርጭቆ መያዝ አቅቶት እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሻይ የማጠጣው እኔ ነበርኩ፣ እንደ ሕፃን።

ጋሽ ደምሰው የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። የከተማ ጫማ አድርጎ ከመኪና ሲወርድ ጭቃው የአንድ እግሩን ጫማ ነጥቆ አስቀረበት። በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ነው ግቢ የገባው። ዘበኛው «አይዞዎት ጋሼ፣ መቱ እንግዳ ስትወድ በጫማው ነው የምትይዘው» አለው። «ሌላውንስ መቼ ነው የምትወስደው?» አለ። እንደሱ ነው የገባው፣ እየሳቀ።

ውጭ አገር ተምሮ አዲስ አበባ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ ነበር አሉ። ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ሪፖርቱ ላይ ያለውና ማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር አይገናኝም» አለ፤ በዛው ወደ እኛ ተወረወረ። ቀጭን ነው፣ ግንባሩ ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ከዛ ቤት ሁሉ እኔን «እርሶ» የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው «አንቺ» ነው፣ ሲብስበት «አንቺ ሴትዮ»። እሱ እትዬ ሙሉነሽ ነው የሚለኝ።

አንድ ልማድ ነበረው፣ መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። «ስኳር አለ?» ይለኛል።

«አለ ጋሼ።»

«አይተው ነው ሰምተው?»

ሄጄ ጣሳውን ብከፍት ጉንዳን ብቻ። ምን ዓይነት መዥገር መጣብን እል ነበር በሆዴ። ለዘበኛውም እንደዛ ነው፣ ለአለቃውም እንደዛ። «ጓድ ደምሰው፣ ናፍጣ አለ ተብሏል» ሲለው «አለ የተባለውና ያለው ሁለት ነገር ነው ጓድ» ብሎት ቁጭ። አለቃው አይወደውም።

ሣጥኑ የተከፈተ ቀን አለቃው ንግግር አደረገ፣ አጨበጨብን፣ የመጀመሪያው ሣጥን ተከፈተ፤ የማሽኑ ሰውነት ነው። ወዲያው ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ መሰማማት አልተቻለም። የምሳ ሰዓትም ነበርና ሁሉም ሄደ። ሌላውን የከፈትነው ሦስታችን ነን፤ ጋሽ ደምሰው፣ ዋቅጅራና እኔ፣ እኔ ገለባውን ልጠርግ። ከሁለተኛው ቴሌቪዥን የሚመስለው ወጣ። ከሦስተኛው ወረቀት ላይ የሚጽፈው። አራተኛው ትንሽ ሣጥን ነው፣ ግን ይከብዳል። ውስጡ ጆንያ፣ ጆንያው ውስጥ ድንጋይ።

ዋቅጅራ ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄም ከማሽኑ ነው?» አለ።

ጋሽ ደምሰው ድንጋዩን በሁለት እጁ አንስቶ አገላበጠው። «ኦቦ ዋቅጅራ፣ ይሄ የወንዝ ድንጋይ ነው» አለው።

«ሂን ጅሩ?» አለ ዋቅጅራ። የለም ማለቱ ነው።

«ሂን ጅሩ።» ኦሮምኛ የሚያውቀው ያኔ ጥቂት ቃል ነው፤ ያቺን ግን ያውቃት ነበር።

ዋቅጅራ ገለባው ላይ ቁጭ አለ። «ማል ጎና? ማል ጎና?» ይላል፤ ምን እናድርግ፣ ምን እናድርግ። አባትሽ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነው፣ ከሱ በታች ሁለት አሉ። እኔ የታየኝ ያ ብርጭቆ መያዝ ያቃተው ሰውዬ ነው።

ጋሽ ደምሰው ድንጋዩን ወደ ጆንያው መለሰው። «የጠፋው ሰሌዳ ነው። የትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳ አይምሰላችሁ፤ የእጅ መዳፍ የምታክል፣ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የምትሰካ። ያለሷም ይነሳል። መጀመሪያ ይነሳ፣ ከዛ እናያለን» አለ። ድንጋዩን ግቢው ጥግ ካለው ካብ ላይ ጨመርኩት። ሣጥኑን በሚስማር መልሶ መታውና ግምጃ ቤት ገባ፣ ባዶውን።

ማሽኑን ማስነሳቱ ቀላል አልነበረም። ከማሽኑ ጋር የተላከው ፕሮግራም፣ በቀጭን ጥቁር ሳህን ላይ ያለ፣ ለሌላ ዓይነት ማሽን የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ጄኔሬተሩ ደግሞ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚበራልን፣ ከምሳ በኋላ። ሌላውን ጊዜ ጋሽ ደምሰው ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በካልሲ ገብቶ፣ ማሽኑን ከፍቶ በጣቱ ይዳስሰዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚዳስሰው። ከዛ ካሬ ደብተሩ ላይ ይጽፋል፣ ያጠፋል፣ ይጽፋል። አንድ ቀን እየጠረግኩ «ጋሼ፣ ዓይን እያለ ለምን ይጨፍናሉ?» አልኩት።

«ልቡ እንደዚህ ስለሆነ ነው» አለኝ። ሰላም ከርነል የምትለውን እሱ ልቡ ነበር የሚለው። «ዕውር ነው እትዬ ሙሉነሽ። ጨለማ ቤት መሀል የተቀመጠ አዛዥ በሉት። ዙሪያውን በር አለ፣ በየበሩ ሠራተኛ አለ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ያሳያል፣ አንዱ ሳህኑን ያነባል። ልቡ ግን በየትኛው በር ማን እንዳለ፣ የማን ደወል የቱ እንደሆነ አያውቅም። እኔ ነኝ የምነግረው። ሲነቃ መጀመሪያ የሚያነበው የኔን ዝርዝር ነው።»

«ቢሳሳቱስ?»

«ሰው የሌለበት በር ላይ ሄዶ እያንኳኳ ይኖራል።»

«ሰው ቢሆን እኮ ትቶ ይመጣል።»

«ሰው አይደለማ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርጋል፣ እንደ ልጃገረድ።

እንደዛ እየሆነ ስንት ቀን አለፈ። ሁለት ሰዓት ያበራል፣ መስታወቱ ጥቁር ነው፣ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ነገ ሌላ ይሞክራል። አለቃው በየቀኑ እየመጣ «ለአብዮቱ በዓል የበላይ አካል ይመጣል ጓድ ደምሰው! ከፈረንጅ ባለሙያ ጋር ነው የሚመጡት! ማሽኑ ካልተነሳ አንተን ነው የማስነሳው!» ይለዋል። ዝርዝሩን በእርሳስ ሲጽፍ አይቶት የርክክቡን ሰነድ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረለት። «ምን ያደክምሃል? ሁሉም እዚህ ተጽፏል። በሰነዱ መሠረት ንገረው!»

ጋሽ ደምሰው ሰነዱን አየው። የዋቅጅራ ፊርማ ከታች አለ። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። ከዛ በሰነዱ መሠረት ጻፈው፣ የሌለችውንም ሰሌዳ አለች ብሎ። ለእኛ ብሎ ነው። በዛን ሰሞን ነሐሴ ሲገባ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ፤ ማሽኑ ተነሳ። አለቃው ሮጦ መጣ። «ስንት ይላል? ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነኝ ይላል ጓድ።»

ዋቅጅራ በዛን ቀን ሳቀ። ስንት ሳምንት እህል አልበላ ያለው ሰው በላ። አለፈ ብለን ነበር።

ከዛ የሰፋሪው ስም መግባት ጀመረ። የየመንደሩ መዝገብ አለ፤ ጋሽ ደምሰውና አንዲት ጸሐፊ እየተፈራረቁ ይጨምሩታል። መዝገቡ ተገልብጦ ሲያልቅ አዲስ አበባ እንዲሄድ ታዝዟል፤ እዚህ ማሽኑ ብቻ ይበቃል ተብሎ። ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች፣ ሰኞ ሰኞ ከሰፈራው በእግሯ የምትመጣ። ሲጭኗቸው እሷ በአንድ መኪና፣ ልጇ በሌላ መኪና ሆነው ተለያይተዋል። በር ላይ ቆማ «መዲና አሊ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት» ትላለች። እሷን ብቻ ነው የምትለው፣ ሌላ ወሬ የላትም። ሄደሽ ቆይተሽ ነይ ትባላለች።

አንድ ሰኞ ጋሽ ደምሰው «ዛሬ እንጠይቅላት» አለ። «ስሟን ባለፈው ሐሙስ ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ አስታውሳለሁ፣ ሁለተኛው መንደር ላይ ናት።» ማሽኑን ጠየቀው። የለችም አለ። ደግሞ ጠየቀው። የለችም። የሁለተኛውን መንደር ስም ሁሉ አውጣ አለው፤ ጥቂት ስም ወጣና ከዛ ወዲያ የማይነበብ ነገር ሆነ፣ እንደ ጉንዳን መስመር። ዘይነባ በር ላይ ቆማ ፊቱን ታያለች። ወጥቶ «ሰኞ ይምጡ እናቴ» አላት። ተመልሶ ካሬ ደብተሩን ገለጠ።

«ምን ሆነ ጋሼ?» አልኩት።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ እህል ያለው ገበሬ ሁለት ጎተራ አለህ ቢባል፣ አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይገለብጣል አይደል?»

«አዎ።»

«ሁለተኛው ጎተራ ባይኖርስ?»

«መሬት ላይ ይፈሳላ። ግን ያያል፣ ይጮሃል።»

«ይሄ አያይም። አይጮህምም። የነገሩትን ያምናል። ያቺ የጠፋችው ሰሌዳ ሁለተኛዋ ጎተራ ናት። አለችህ ብዬ ጻፍኩለት፤ እሱም የሰውን ልጅ ስም ወደሌለ ጎተራ ሲገለብጥ ከረመ።»

«መዝገቡ ላይ አለች አይደል?»

«አለች። ግን ማሽኑ ካላወጣት ጓድ የማለፊያ ወረቀት አይሰጧትም፤ መዝገቡም በሚመጣው ሳምንት ይሄዳል። ከዛ በኋላ ስትመጣ፣ ማሽኑ የለችም ይላል፣ ጓድም የለችም ይሏታል። ከሰኞ ወደ ሰኞ ስትመላለስ ትሞታለች።»

እሁድ ከሰዓት ቤታችን መጣ። መጥቶ አያውቅም። ቁጭ በሉ ብለነው፣ አልቀመጥም አለ። «ኦቦ ዋቅጅራ፣ ለማሽኑ እውነቱን ልነግረው ነው። አንድ ጎተራ እንዳለው ካወቀ፣ ሲሞላበት ወደ ሳህኑ ያወርደዋል። የጠፋውንም ስም መዝገቡ ሳይሄድ መልሼ አስገባለሁ፤ ከዛ ወዲያ ይዘገያል እንጂ ሰው አይጠፋም። ግን ሲነሳ ያለውን ጽፎ ያሳያል፤ ፈረንጁ ያነበዋል» አለ።

ዋቅጅራ አልጮኸም። «እንግዲያው ገደልኩህ በለኛ» አለ ብቻ።

እኔ ነኝ እግሩ ላይ የወደቅኩት። ሦስት ልጅ አለን አልኩት። አይተዋቸዋል፣ ይኸው በር ላይ ናቸው አልኩት። ደግሞ አንድ ነገር አልኩ፤ ሰላም፣ ይሄንንም ጻፊው። «የወሎዋ ልጅ ለእርሶ ምንዎ ናት?» አልኩት። ይሄንን እኔ ነኝ ያልኩት፣ የሦስት ልጅ እናት።

አነሳኝ። «ምኔም አይደለችም» አለ። ውሃ እንኳን ሳይቀምስ ሄደ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ግቢው በኮባ ቅጠል ተሸልሟል። የበላይ አካል የተባለው ወፍራም ሰውዬ፣ ቀይ ረጅም ፈረንጅ፣ አስተርጓሚ፣ አለቃችን። ዋቅጅራ ከበሩ አጠገብ ቆሟል፣ እኔ ትሪ ይዤ ከኋላው። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማሽኑ በራ። ሁሉም አጨበጨበ። ፈረንጁ ግን መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ መስመር በጣቱ አሳየና የሆነ ነገር አለ። አስተርጓሚው «ማስታወሻው ግማሽ ነው ይላል። ሁለተኛው ሰሌዳ የት አለ? ይላሉ» አለ።

አለቃው ፊቱ ጠቆረ። ፋይሉን ገልጦ «አራት ሣጥን ተረክበናል! ይኸው፣ የተፈረመበት ነው!» አለ፤ ከዛ ወደ ዋቅጅራ ዞረ። ሁሉም ዞሩ። የዋቅጅራ ወገብ ላይ ያለው ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ደምሰው።

«ምኑን?»

«ሰሌዳውን ተረክቤ ስሰካው አቃጥዬዋለሁ። አጥፍቼ መሰካት ሲገባኝ ሳላጠፋ ሰካሁት። ንብረት ክፍሉ አያውቅም።»

«የተቃጠለውስ የት አለ?»

«ፈራሁ። ሶር ወንዝ ጣልኩት።»

ያ ስኳር አለ ስለው አይተው ነው ሰምተው የሚለኝ ሰው ነው ይሄን ያለው፣ ፊቱ ሳይለወጥ። ለዛ ብረት መዋሸት ያቃተው ሰው ለሰዎቹ ዋሸ። ፈረንጁ የማሽኑን ክዳን አንስቶ ሰሌዳው የሚሰካበትን ቦታ አየ። ቦታው ንጹሕ ነው፣ እኔ እንኳን ታይቶኛል፣ ምንም የተቃጠለ ነገር የለበትም። ጋሽ ደምሰውን ብዙ አየው። ከዛ ክዳኑን መልሶ ዘጋው፤ አላጋለጠውም። እሱም የራሱ አገር አለቃ ሳይኖረው አይቀርም።

ሁለት ሰዎች ይዘውት ወጡ፣ በካልሲው። ጫማውን ከበር አንስቼ ተከትዬ ሮጥኩ። መኪናው ላይ ሊያወጡት ሲሉ ደረስኩና እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። የሚለኝ የመሰለኝ ስለ ራሱ ነበር። «ዘይነባ ሰኞ ስትመጣ ጸሐፊዋን ማሽኑን ጠይቂላት ይበሏት። አሁን አለች» አለኝ።

ሰኞ መጣች። ጸሐፊዋ ጠየቀችው፤ የመንደሩን ስም አወጣው፣ ከሶር ፏፏቴ ወዲያ ያለ ሰፈራ ነው፤ ማለፊያዋም ተጻፈላት። ዘይነባ እጄን ስማ፣ ሳትቀመጥ፣ በመጣችበት እግሯ ሄደች። ማንን ማመስገን እንዳለባት አልነገርኳትም። ዋቅጅራ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጋሽ ደምሰው ከዓመት በላይ ታሰረ። ሲወጣ የመንግሥት ሥራ አይሰጠውም ተብሎ ቡሬ ላይ ሬዲዮ ጠጋኝ ሆነ። እዛው አገባ፣ ወለደ። ወደ አገሩ ያልተመለሰው ለምን እንደሆነ እንጃ፤ መቼም ሌላውን ጫማ የወሰደችበት ቡሬ ትሆናለች።

አሁን ስለ ዋቅጅራ የምለውን ሳታስቀሪ ጻፊ። የመጀመሪያውን ሰሞን አለቀሰ። ሁለተኛው ወር ላይ «ማን ለመነው?» ማለት ጀመረ። እኔ እግሩ ላይ ወድቄ እንደነበር ረስቶታል። ከዛ ሰው ሲጠይቀው «ያ ማሽን ያቃጠለው» ይል ጀመር፣ እንደ ሰው፣ እንደ ማንም። ደጋግሞ ሲለው እውነት ሆነለት መሰለኝ። ቡሬ ግን ከዛ ወዲያ አልሄደም። የተወለደበት አገር ነው፣ ወንድሙ ሲሞት እንኳን አልሄደም፤ ወገቤን አመመኝ አለ። ደርግ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ ዋቅጅራ ወገቡን እንዳመመው ሞተ። ክፉ ሰው አልነበረም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ፣ አውቀዋለሁ። የዳነበት ነገር ከብዶት ነው የኖረው።

ዋቅጅራ ከሞተ በኋላ ቡሬ ሄድኩ። ጋሽ ደምሰው አርጅቷል፤ የተከፈተ ሬዲዮ ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይዳስሳል። «እትዬ ሙሉነሽ» አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«በምን አወቁኝ?»

«ሲተነፍሱ። ትሪ ይዘው ደረጃ ሲወጡም እንደዚህ ነበር።»

ተቀመጥኩ። ዋቅጅራ አልፏል፣ እንግዲህ ለሰው ልናገር አልኩት። ለቤተ ዘመድ፣ ለልጆችዎ፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ያላቃጠሉትን አቃጠለ እየተባሉ እስከ መቼ አልኩት።

«ኦቦ ዋቅጅራ ልጆች አሉት አይደል?» አለኝ።

«አሉት። ትልቁ አስተማሪ ሆኗል።»

«ታዲያ ይተዉት።»

እግዜር ይየኝ፣ ደስ አለኝ። ተዉት ሲለኝ ልቤ ቅልል አለ። ሁለተኛ አልጠየቅኩትም።

ሴት ልጁ ልትሸኘኝ እስከ መንገድ ወጣች። ትልቅ ሴት ናት፣ የልጆች እናት። «እትዬ፣ እርሶ አብረውት ሠርተዋል አይደል?» አለችኝ። «አባቴ ሰው ሬዲዮ ሊነካ ሲል መጀመሪያ አጥፋ፣ መጀመሪያ አጥፋ ብሎ ነው ጣቱን የሚመታው። እንዴት እሱ ሳያጠፋ ሰካው? ሁልጊዜ ይገርመኛል።»

«እንጃ ልጄ» አልኳት። «ሰው ይሳሳታል።»

መኪና ላይ ወጣሁ። ይሄ የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከዛ ወዲህ አልሄድኩም፤ ወገቤን አመመኝ እያልኩ።

እዚህ ላይ ሰላም እጇን ከወረቀቱ አነሳች። «እማማ፣ የአያቴን ስም ልጻፈው? አባዬ ካነበበው ይቆጣል» አለችኝ።

ይቆጣ። የፈራነው አባትሽ ሦስተኛ ክፍል እያለ ነው፤ አሁን ፀጉሩ ሸብቷል። ያቺም የጋሽ ደምሰው ልጅ አባቴ ሞኝ ሆኖ የመንግሥት ንብረት አቃጠለ እያለች ልጆቿን እያሳደገች ነው። ሁለት ገልብጪው። አንዱ ለአባትሽ፣ አንዱ ለሷ። የሷን ነገ በመኪና ራሴ ይዤላት እሄዳለሁ፤ ካልቻልኩ አንቺ ትወስጃለሽ። እጇ ላይ ስጪያትና አንብበሽላት ነይ፣ በር ላይ ጥለሽ እንዳትመጪ።

ሣጥኑን ሳያይ የፈረመ ዋቅጅራ ነው። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።

ጻፊ እንጂ። ከነአባቱ ስም።